ለወለተ ጻድቅ የተሰፋ ቀሚስ

የሻረግ ለክርስትና ልብስ ገንዘብ አትቀበልም። ቦንጋ ገበያ ዳር ባለችው ጠባብ ሱቋ የተማሪ ሱሪ ስታሳጥርም ሆነ የቢሮ ሴቶችን ጉርድ ስትሰፋ አንዲት ብር አትቀንስም፤ ለክርስትና ሲሆን ግን ዋጋው ሌላ ነው። ሕፃኑ ከተጠመቀ በኋላ ልብሱን ያሰፋው ሰው ተመልሶ መጥቶ የክርስትና ስሙን ይነግራታል። እሷም ያንን ስም ከየማለዳ ጸሎቷ ላይ ትጨምረዋለች። ስንት ስም እንደያዘች እንጃ። እኔ የግቢዋ ተከራይ ነኝ፤ ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ቁርሴን የምሠራው የቦንጋን ሕፃናት ስም እየሰማሁ ነው።

ለራሷ ልጅ አልሰፋችም። እግዚአብሔር አልሰጣትም፤ እሷም አታማርርም ነበር። ባሏ በዛብህ በሥራ ወደ ደካ ከተዛወረ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ይመጣ ነበር። ኋላ ግን መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሥራ በዝቷል እያለ መምጣቱን እያራቀው ሄደ። የሻረግ ታምነዋለች። ምን ታድርግ፣ ማመን ልማዷ ነው።

ዘነበች ደግሞ የልብ ጓደኛዋ ናት። አብረው የሚካኤልን ማኅበር ይጠጣሉ፤ እኔም አለሁበት፤ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ታስታምማለች። የሻረግ ጸሎቷን የምትጀምረው በዘነበች የክርስትና ስም፣ በወለተ ሐና ነበር።

ባለፈው ጥር ዘነበች ሱቅ መጣችና፣ "ደካ ያለች ዘመዴ ሴት ልጅ ወልዳ ሰማንያ ቀኗ ሊደርስ ነው። ክርስትና የማነሳት እኔ ነኝ፤ ቆንጆ አድርገሽ ስፊልኝ" አለቻት። የሻረግ ቀሚሱ አንገት ላይ በእጇ ትንንሽ መስቀል ጠለፈችበት። ከሰፋቻቸው ሁሉ ያማረው እሱ ነበር፤ እኔም አይቼዋለሁ። ከክርስትናው በኋላ ዘነበች ስሙን አመጣች፦ ወለተ ጻድቅ። ከዚያ ጀምሮ በግድግዳው በኩል ወለተ ጻድቅን በየማለዳው እሰማ ጀመር።

ክረምት ሲገባ አንዲት ከደካ የመጣች ሴት ሱቋ ገባች። "እንደዚህ ያለ ቀሚስ እፈልጋለሁ፤ የጎረቤቴ ልጅ ለብሳው አይቼ ነው" ብላ ስልኳን ከፍታ አሳየቻት። ፎቶው ላይ ቀሚሱ አለ። ሕፃኗን የታቀፈችው ዘነበች ናት። ከአጠገቧ ነጠላ አጣፍቶ የሚስቀው በዛብህ ነው።

"ይሄ ማነው?" አለች የሻረግ።

"የልጅቷ አባት ነዋ፣ የጎረቤቴ ባል!" አለች ሴትዮዋ፣ ምንም ሳታውቅ።

የሻረግ ትዕዛዙን ተቀብላ ሸኘቻት። ከዚያ ሱቁን ቆልፋ ቤቷ ገባች።

በዛብህን በስልክ ስትጠይቀው፣ "ልነግርሽ ስል ነው" አላት። ልጅቷ ጥርስ አብቅላ እሱ ገና ሊነግራት ነው! ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት አስራ ለደካው ሚኒባስ ረዳት ሰጠችለት። ለሱ አላለቀሰችም። ያለቀሰችው ለዘነበች ነው። "እሱስ እሺ፣ ልጅ አማረው" አለችኝ፤ "እሷ ግን በገዛ እጄ አሰፋችኝ። በገዛ አፌ አስጸለየችኝ።"

ከዚያ በኋላ መጸለይ አቃታት። ማለዳ ማለዳ ከግድግዳው ወዲያ ጭጭ ሆነ፤ እኔንም ቁርስ አስጠላኝ። ሲብስባት እጇን ይዤ ንስሐ አባቷ አባ ሀብተሥላሴ ዘንድ ወሰድኳት።

"አባቴ፣ የልጅቷን ስም ከጸሎቴ ላውጣው?" አለቻቸው።

"ልጅቷ ምን አደረገችሽ?"

"ምንም።"

"እንግዲያው ትቀመጥ። ዘነበችስ?"

የሻረግ መሬት መሬቱን አየች። "ይቅር ልላት አልቻልኩም። የዚህ ወር ማኅበር ደግሞ እኔ ቤት ነው። ጽዋውን ከኔ የምትረከበው እሷ ናት።"

በማኅበራችን የተቀያየሙ ሰዎች ጽዋ አይቀባበሉም፤ መጀመሪያ መታረቅ አለባቸው። ነገር ግን ሰው ሁሉ ለወጉ ያህል "ሰላም ነን" ይልና ያልፋል። አባም ያንኑ ይሏታል ብዬ ስጠብቅ፣ "ይቅርታውን እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ በግድ ከየት ታመጪዋለሽ? እስኪሰጥሽ ድረስ ግን እሱ ፊት አትዋሺ። እሱ የሚያውቀውን ለማን ብለሽ ትሸፍኚዋለሽ?" አሏት።

ሚካኤል ደረሰ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ዳቦው ተቆርሷል፤ ከማንኪራ ጫካ በመጣ ማር የተበጠበጠው ብርዝ ተቀድቷል። ዘነበች ጥግ ይዛለች። ነገሩ እንደተሰማ ታውቃለች፤ የሻረግ ምንም ስላላለቻት ግን ነገሩን የተወችላት መስሏታል። አባ ሀብተሥላሴ ጸሎቱን ጨርሰው እንደ ወትሮው፣ "የተቀያየመ አለ?" ብለው ጠየቁ። "የለም!" አልን ባንድ አፍ፤ አፋችን ለምዷል።

"አለ" አለች የሻረግ። ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

የማኅበሩ መሪ ጋሽ ሰብሃት ደነገጡ። "የሻረግ፣ ይሄ በኋላ በሽማግሌ ያልቃል። አሁን ጽዋውን ስጪና..."

"ዋሽቼ አልሰጥም፣ ጋሽ ሰብሃት።" ወደ ዘነበች ዞረች። "የደበቅሽኝን ተይው። ቀሚሱን ለምን ለኔ አመጣሽው? ቦንጋ ውስጥ ሌላ ሰፊ የለም?"

ዘነበች አንገቷን ደፋች። "ካንቺ የተሻለ የሚሰፋ ማን አለ?"

ጽዋው እኔ እጅ ላይ ቢሆን አናቷ ላይ ነበር የምደፋው።

"ስሙንስ? ስሙን ምን አድርጊው ብለሽ ነው ያመጣሽልኝ?"

ዘነበች ማልቀስ ጀመረች። "ሕፃኗ ታማ ነበር፣ የሹ። አትተርፍም ብለውን ነበር። ያንቺ ጸሎት ይሰማል ብዬ ነው።"

የሻረግ ጽዋውን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

"ተርፋለች?" አለች።

"ተርፋለች።"

"እሰይ" አለች። "አንቺን ግን አልቻልኩም። ጽዋው እዚሁ ይደር።"

ጋሽ ሰብሃት ሊናገሩ ሲሉ አባ በእጃቸው ከለከሏቸው። ጽዋውን ተቀብለው ባረኩና መልሰው ለየሻረግ ሰጧት።

እስከ ዛሬ እሷ ቤት ነው፤ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በየወሩ እሷው ትደግሳለች። ግትር ናት እያሉ ያሟታል፤ ይሟት። በማግስቱ ማለዳ ጸሎቷን እንደገና ሰምቻለሁና ሐሜቱ አይገባኝም። ወለተ ጻድቅን ጮክ ብላ ነው የምትጠራት። የጸሎቷ መጀመሪያ ላይ ግን፣ ወለተ ሐና ትባልበት የነበረው ቦታ ላይ ሁልጊዜ ዝም ትላለች፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ስም ታልፋለች። ትናንት እዚያው ቦታ ላይ "ወለተ..." ስትል ሰማኋትና ማማሰሌን አቁሜ ጠበቅኩ። አልጨረሰችውም።