ሳይጠነጠን የሚመለሰው ካሴት

እትዬ ብርቄ የዚያን የህንድ ፊልም መጨረሻ አይተውት ይሆን? እስከ ዛሬ መልሱን አላውቅም።

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ከነበረው ቪዲዮ ቤት በካሴት አከራይነት የገባሁ ቀን አለቃዬ ጋሽ ታምሩ ሥራውን ባጭሩ ነገሩኝ። «ካሴት ሲመለስ ዴኩ ውስጥ ክተችና ምስሉን እይ። ጥብጣቡ ከተጨማደደ ንገሪኝ። ሳያጠነጥን፣ ወደ መነሻው ሳይመልስ ለሚያመጣ ሰው ሁለተኛ እንዳታከራዪ።» ያን ጊዜ ትልቅ ሴት ሆኜ ማታ ማታ ሰባተኛ ክፍል እማር ነበር። የተባልኩትን እንደተባልኩት ማድረግ እወዳለሁ።

ጥቂት እንደሠራሁ አንድ ነገር ገባኝ። ሳይጠነጠን የመጣ ካሴት ዴክ ውስጥ ሲገባ ተከራዩ ካቆመበት ይቀጥላል። አንዱ አስተማሪ የፍቅር ፊልም ሳይጋመስ እንቅልፍ እንደሚጥለው፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ድብድቡ ሲያልቅ እንደሚያጠፋው አውቅ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። የሰው ቤት በቀዳዳ የማየት ያህል ነው።

እትዬ ብርቄ ጠላ ሻጭ ናቸው። ለጠጪ ብለው የገዙት ቴሌቪዥንና ዴክ ነበራቸው። ይበልጣል የሚባለው ልጃቸው ዘምቶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ የሚከራዩት ያንኑ አንድ ፊልም ነው፤ በልጅነቱ የጠፋ ልጅ አድጎ እናቱን የሚፈልግበት።

«ህንድኛው ይገባዎታል እንዴ እትዬ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እናትና ልጅ የሚባባሉት ጠፍቶሽ ነው?» አሉኝ።

ካሴቱ ሲመለስ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቆሟል። ልጁ ዝናብ እየወረደበት የእናቱ ደጅ ደርሶ ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ። ከዚያ በኋላ ገና በሩ ይከፈታል፣ ይላቀሳሉ፣ ይዘፈናል።

«አሁንም አላጠነጠነችም?» አሉ ጋሽ ታምሩ። «አታከራዪ አላልኩሽም?»

«እኔ አጠነጥነዋለሁ፣ ጋሼ።»

«የሷ ገረድ ነሽ ወይስ የኔ ሠራተኛ?» አሉና ተዉኝ።

የራሳቸው ልጅ ሳይመጣ የሌላዋ ሲገባ ማየት አቅቷቸው ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። በኋላ ግን ልጃቸው ይበልጣል አንድ እግሩን እያነከሰ ከዘመቻ መጣ። ሰፈሩ በነጻ ጠጣ። እኔም አሁንስ መጨረሻውን ያዩታል አልኩ። በሳምንቱ ካሴቱን ወሰዱ፤ ሲመለስ አየሁት። ልጁ እጁን እንዳነሳ ነው።

ግራ ገባኝ። ዴካቸው ተበላሽቶ ይሆን? ፊልሙ እዚያ ላይ ያለቀ መስሏቸው ይሆን? እንደዚያ እንዳልል ብዙ ፊልም አይተዋል። ልጠይቃቸው አፌ ላይ ይደርስና እመልሰዋለሁ።

አንድ ቀን ካሴቱን ይበልጣል ራሱ አመጣው። «ሰኞ ሁመራ ልወርድ ነው፣ ለሰሊጥ ሥራ» አለኝ። «እማ ገና አልሰማችም።»

ያን ጊዜ ነው ሁሉንም የነገርኩት። ካሴቱን ከትቼም አሳየሁት።

ቆሞ አየው። «እዚህ ላይ ስትደርስ ተነሥታ በር ትከፍታለች» አለ። «ደጁን ታይና ተመልሳ ታጠፋዋለች።»

«አንተ የት ሆነህ?»

«አጠገቧ። መደቡ ላይ።»

«ታዲያ ማንን ነው የምትጠብቀው?»

«እኔን ነዋ! ሌላ ማን አላት?» አለ። ያለው ነገር ለራሱም አልገባውም። ካሴቱን ላጠነጥነው ስል እጄን ያዘኝ። «አታጠንጥኚው። ለዛሬ መልሰሽ ስጭኝ። ስትከፍት ደጅ ቆሜ እጠብቃታለሁ።»

ሰኞ መናኸሪያው ውስጥ ከሁመራ ተሳፋሪዎች መሃል ብፈልገው የለም። ካሴቱን ያመጡት እትዬ ብርቄ ናቸው፤ እስከ መነሻው ተጠንጥኖ። የት ላይ እንዳቆሙት የማይበት ምንም አልተዉልኝም።

«ተመስገን፣ ሥርዓት ያዘች» አሉ ጋሽ ታምሩ።

ዛሬ ፊልም በፍላሽ የምትጭኑ ልጆች የሚመለስላችሁ ነገር ስለሌለ ይህ አይደርስባችሁም። እኔ ከሥራው የተማርኩት ይህን ነው፦ ሰው ፊልሙን የት ላይ እንዳቆመው ካሴቱ ያሳያል። ለምን እንዳቆመው አያሳይም።