እንቁላል የታቀፉት ባለሙያ

ፈንታነሽን የማያውቅ የደብረ ታቦር ሰው ካለ፣ ባጃጅ ተሳፍሮ አያውቅም ማለት ነው። ቤሩትና ኩዌት በሰው ቤት ሰባት ዓመት ሠርታ ስትመለስ ባጃጅ ገዛች። ከከተማ ጉና ተራራ ግርጌ እስካለችው ቀበሌያችን የምትመላለሰው እሷ ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ሾፌሮች መንገዱን አይተው ተመልሰዋል። እሷንም ቢሆን ክረምት ሲገባ ጭቃው ያቆማታል። ዘንድሮም መንገዱ ጠጠር ካልፈሰሰበት ባጃጇን ሸጣ፣ የሦስት ዓመት ልጇን ለእናቷ ትታ ወደ ዓረብ አገር ልትመለስ ቆርጣ ነበር።

መጋቢት ላይ አቶ ዳኛቸው የሚባሉ የመንገድ ባለሙያ ቀበሌያችን ለስብሰባ መጡ። የትኛው መንገድ ቀድሞ ጠጠር እንደሚያገኝ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። መኪናቸው ስለተበላሸ የፈንታነሽ ባጃጅ ውስጥ ገቡ። እኔም የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝና ልቀበላቸው ከተማ ሄጄ ስለነበር አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ገና ከከተማ ሳንወጣ ወረቀት ዘርግተው ሞሮኮ፣ ሩዋንዳና ኬንያ ከበጀታቸው ለመንገድ ስንት እንደሚያወጡ ያነቡልኝ ጀመር። «ከእነሱ ጋር ሲወዳደር የእኛም አይከፋም» አሉ። አስተማሪ ነኝ፤ ሰው ሲያስተምረኝ ግን ያናድደኛል።

ፈንታነሽ ባጃጁን አቆመችና ሠላሳ እንቁላል ያለበት ዘንቢል ታፋቸው ላይ አስቀመጠች። ወትሮ ጭድ ሳትጎዘጉዝ እንቁላል አትጭንም። ያን ቀን ጭድ የለም።

«ጋሼ፣ ይቺን ይያዙልኝ። እኔም እንደ እርስዎ አገር አወዳድራለሁ። ኩዌት የማዳምን እንቁላል ታቅፌ ስንት መንገድ ስሄድ አንድም አልተሰበረብኝ። ቤሩት ሁለት ተሰብሮብኛል።»

«እዚህስ?» አሉ ሳቅ ብለው።

«እሱን እርስዎ ይቆጥሩልኛል።»

ወይ ጉድ! ለወትሮው ጉድጓድ ስትሸሽ ወዲያ ወዲህ የምታላጋን ሴት፣ ያን ቀን አንዱንም አልሳተችው። ሰውዬው ዘንቢሉን ከፍ ሲያደርጉ ጭንቅላታቸው ከጣራው ይጋጫል፤ ዝቅ ሲያደርጉት እንቁላሉ ይንቋቋል። ስንደርስ ደህና የተረፈው ስድስት ነው። የሱሪያቸው ነገር ባይነሳ ይሻላል። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ደብተሬን ነከስኩ።

ወርደው በመሃረብ እየጠራረጉ፣ «ሆን ብለሽ ነው» አሏት።

«አዎ፣ ሆን ብዬ ነው» አለች። «ጉድጓዱን ግን እኔ አልቆፈርኩትም። የእርስዎ ሱሪ ታጥቦ ይጸዳል፣ ጋሼ። እኔ ይህ መንገድ ካልተሠራ ልጄን ጥዬ ነው የምሄደው።»

ስብሰባው ላይ ሰዉ ሱሪያቸውን እያየ ሲንሾካሾክ፣ አቶ ዳኛቸው ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይጻፉልኝ። ዘንድሮ መጀመሪያ ጠጠር የሚፈሰው እዚህ ነው።»

ስትስቅ እንጂ ስታለቅስ አይቻት የማላውቃት ፈንታነሽ ከሰው መሃል ተነስታ ወጣች። ብከተላት ባጃጇ ውስጥ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች።

«ሻንጣዬን እኮ ሸክፌው ነበር» አለችኝ።