እሳቸው የተጫወቱት ክፍል

ያን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር በሚገኘው ቤት ሳሎን ውስጥ አምስት ነበርን። የቤቱ እመቤት፣ የቼክ ተወላጅዋ የሙዚቃ ደራሲና ፒያኖ ተጫዋች፤ ባለቤታቸው፣ ፕራግ የተማሩት ሱዳናዊ ሐኪም፤ እዚያ ቤት ተቀጥራ የምትሠራው፣ እትዬ የምላት የወሎ ሴት፤ ካርቱም የተወለደች ትንሽ ልጇ፤ እና ዴም ሰፈር ውስጥ በአሮጌ ኦርጋን ራሴን ያስተማርኩ እኔ። ረመዳን ስለነበር ሻይ አልቀረበም።

እመቤቲቱ ባላቸውን ተከትለው የመጡት ገና በወጣትነታቸው ነው። አገራቸው ሥራቸውን አያውቀውም፤ ካርቱምም የሚያውቃቸው የልጆች ፒያኖ አስተማሪ ብሎ ብቻ ነው። እንጨቱ በድርቀት እንዳይሰነጠቅ ከፒያኖው ሥር ውሃ የሞላ ሳህን ያስቀምጡ ነበር፤ ሳህኑን በየጠዋቱ የምትሞላው እትዬ ናት።

የመጨረሻ ሥራቸው አንድ ፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ለሚቀመጡ ሁለት ሰዎች የተደረሰ ነው። የላይኛውን ክፍል እሳቸው ያዙ፣ የታችኛውን እኔ።

«አንተ ልጅ፣ ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል» አለች እትዬ። «ዚክር ማነብነብ ጀመርክ እንዴ?»

ሐኪሙ ሳቁ። «ያላ፣ ከመጀመሪያው!»

እመቤቲቱ በዓረብኛቸው፣ «ጣትህን ተወው፤ እኔን ስማ» አሉኝ።

እሺ አልኩ። ግን እንዳልሳሳት ፈርቼ ምቱን መቁጠሬን ቀጠልኩ። እስከ መጨረሻው አንድም አልሳትኩም።

«ኸላስ? አለቀ? እማ፣ ድገሙ በያቸው» አለች ልጅቷ።

«ለሚቀጥለው ዓርብ» አሉ እመቤቲቱ።

ከዚያ ዓርብ በፊት ጦርነቱ ተነሳ። ባልና ሚስቱ አንድ ሻንጣ ይዘው ወጡ፤ እመቤቲቱ አገራቸው ገብተው እዚያው ከዚህ ዓለም ማለፋቸውን ከወራት በኋላ ሰማሁ። ቤቱ ተዘርፏል። ፒያኖውም የለም፣ ኖታውም የለም።

አሁን ወደ ዴም ተመልሻለሁ። የታችኛውን ክፍል ዛሬም ሳልሳሳት እጫወተዋለሁ። ከላዩ ምን እንደነበር ግን አላውቅም። ክርናቸው ክርኔን እየነካው አጠገባቸው ተቀምጬ፣ አልሰማኋቸውም።

እናንተ ግን ትሰሙ ነበር። ዶክተር፣ ዓይንዎን ጨፍነው ነበር። እትዬ፣ መሃል ላይ ሳቅሽን ድንገት ያቆምሽበት ቦታ አለ፤ እዚያ ጋ ምን ነበር የሚጫወቱት? አንቺ ትንሿ፣ በሩ ድረስ ስትሸኚኝ የሆነ ነገር ታንጎራጉሪ ነበር። ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ የምታስታውሱትን በአፋችሁ አዚማችሁ ላኩልኝ። ቢዛነፍም ግድ የለም።