ክቡ አልፈርስ ያለ ዕለት

አዋሽ ከተማ ሞንታርቦና ማይክ እያከራየሁ ነው የምኖረው። ሰርግ፣ ምርቃት፣ ስብሰባ፣ ያልገባሁበት የለም። የወሎ ልጅ ነኝ፤ ጥንቆላ ጥንቆላ የሚሸት ነገር አይስማማኝም። ሰመራ ላይ ለባህል ዝግጅት ድምፅ እንድሠራ ተጠርቼ ጅኒሌ እንደሚቀርብ ስሰማ፣ አስተግፊሩላህ ብዬ ነው ዕቃዬን የጫንኩት።

ጅኒሌ ድሮ የጭፈራ ብቻ ነገር አልነበረም። አፋሮች ከብት ሲጠፋባቸው ወይ ዝናብ ሲዘገይባቸው ክብ ሠርተው እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ። መሃል ያለው ሰው ራሱን በጨርቅ ሸፍኖ ይቆይና፣ ሩቁን ያያል ተብሎ፣ የተጠየቀውን ይመልሳል። አሁን መድረክ ላይ ሲወጣ ጥያቄውም መልሱም የተጠና ነው። ዝናብ መቼ ይመጣል ይሉታል፤ ቅርብ ነው፣ እንግዶችም እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል። ከዚያ የሚቀጥለው ቡድን ይገባል።

የዚያን ቀን ግን መሃል የነበረው ወጣት ገና ራሱን እንደሸፈነ፣ አንድ ሽማግሌ ከሕዝቡ ወጥተው መድረኩ ሥር ቆሙ። በጅቡቲ መንገድ ካለችው ከዲቾቶ በኩል የመጡ አርብቶ አደር ናቸው። በአፋርኛ ጠየቁት፤ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ ይገባኛል።

«ግመሎቼ ጠፍተዋል። ከእነሱ ሌላ ምንም የለኝም። በየት በኩል ልሂድ?»

መድረክ መሪው ሰዓቱን አየና «አባባ፣ ይሄ እኮ ትርኢት ነው» አላቸው። ወደ እኔም እጁን አወዛወዘ፤ ድምፁን ዝጋ ማለቱ ነው። ዘጋሁት። ጨፋሪዎቹ ግን አላቆሙም። ጅኒሌ ውስጥ የገባ ጥያቄ ሳይመለስ ክቡ አይፈርስም፤ ደሞዝተኛ የከተማ ልጆች ቢሆኑም ይሄን ከቤታቸው ያውቁታል። ማይኩ ሲጠፋ ጭብጨባው እንደውም ባሰበት።

ወጣቱ ጨርቁን ከራሱ አወረደ። ላብ በላብ ሆኗል።

«አባቴ፣ እኔ ተጫዋች ነኝ፤ አላውቅም። ዋሽቼ በረሃ አልልክዎትም።»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉት ሽማግሌው፣ ቅር ሳይላቸው። «ይህን ሁሉ ሰው የሚሰበስብ ክብ ግን ሌላ የት አገኛለሁ?»

ይሄን ጊዜ ወጣቱ እንደገና ተሸፈነና ጥያቄውን ራሱ በዜማ አነሳው፤ የግመሎቹን መልክ፣ አንገታቸው ላይ ያለውን የጎሳ ምልክት ሳይቀር ከሽማግሌው እየጠየቀ። ክቡ ተቀበለው። ከፊት የተቀመጡት ተነሡ፤ ከኋላ የቆመውም ሕዝብ ተቀበለ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእኔ ሞንታርቦ ወጥቶ አያውቅም።

ከወደኋላ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር እጁን አወጣ። ዘፈኑ ረገብ አለለት።

«ጠዋት ከጅቡቲ ስመጣ አይቻቸዋለሁ። ከዲቾቶ ወዲህ፣ አስፋልት ዳር። ምልክቱ ያው ነው።»

ሽማግሌው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ክቡ ያኔ ፈረሰ።

ሩቁን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው፤ ዛሬም እምነቴ ይሄው ነው። የማይኬን ገመድ ልጠቀልል ጎንበስ ስል ግን መዳፌ አቃጠለኝ። ቀልቷል። ለካ እኔም ሳጨበጭብ ነበር።