ከገብሱ በላይ የቀረችው ጥንዚዛ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ለአንዲት ጥንዚዛ ብዬ ነው። ተማሪ ሳለሁ ከአንኮበር በላይ፣ ኩንዲ ተራራ ትከሻ ላይ፣ ድንጋይ በገለበጥሁ ቁጥር አገኛት ነበር። ጥቁር ናት፤ ከገብስ ፍሬ አትበልጥም፤ መብረር አትችልም፤ ያለ ብርድም አትኖርም። አሁን መምህር ሆኛለሁና እዚያው መኖሯን ላረጋግጥ ሄድሁ።

ደብረ ብርሃን ኬላ ላይ ሁላችንም ከአውቶቡስ ወረድን። ወታደሩ የአልኮል ጠርሙሶቼን አሸተተ።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«ጥንዚዛ ላስቀምጥበት።»

«ጓድ፣ በዚህ ብርድ ጥንዚዛ ፍለጋ?» ብሎ የይለፍ ወረቀቴን ደጋግሞ አገላበጠው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ዘመኑ። እኔም ከጎኔ የተቀመጠው ባለ ጋቢ ጆሮ ጠቢ መስሎኝ እስከ አንኮበር አፌን ዘጋሁ። ቆሎ ሲዘግንልኝ እንኳ አመስግኜ ኪሴ ከተትሁት።

አንኮበር

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ደምሴ «ብቻዎን አይወጡም» ብለው በማግስቱ አብረውኝ ወጡ። የብርድ አገሩ ተክል ጅብራ እስኪታየን ድረስ ጨዋታቸው ደግ ነበር። ወደ ትከሻው ስታጠፍ ግን ክንዴን ያዙ።

«በዚያ አይሆንም፣ መምህር። ሽፍታ አለ።»

«ትናንት አገሩ ሰላም ነው ብለውኝ አልነበር?»

«ትናንት ሌላ፣ ዛሬ ሌላ።»

ሽፍታ የሚቀልቡ መሰለኝና ፈራሁ። ጥንዚዛዋን ሳላይ መመለሱ ደግሞ አንገበገበኝ። ጥያቸው ወጣሁ።

ቋጥኙን ስዞር ያገኘሁት ሽፍታ ሳይሆን ገብስ ነው። የማውቀው ሣር ታርሷል፤ ድንጋዩ ተለቅሞ ካብ ሆኗል። አረም ስትነቅል የነበረች ሴት ስታየኝ ክው አለች።

«ጌታዬ፣ ለኮታ ነው የመጡት? የታችኛውን መንግሥት ወሰደው። ይቺን አይንኩብን፤ ልጆቼ የሚያድሩት በዚች ነው።»

አቶ ደምሴ ደርሰው አንገታቸውን ደፉ። አዲስ እርሻ በታወቀ ቁጥር ለመንግሥት የሚያስረክቡት እህል ይጨመርባቸዋል። ለካስ ማኅበሩ ሁሉ የደበቀው ይህንን ነው፤ እኔንም መሬት ለክቶ ሊያሳጣቸው የመጣ አድርገው ጠርጥረውኛል።

«እዚህ ከፍታ ላይ ገብስ በቅሎ ያውቃል?» አልኋት።

«ዱሮማ ውርጭ እየፈጀው ማን ይዘራል! አሁን ለቀቀን፤ ተመስገን።»

ተመስገን ለማለት አፌ እንቢ አለኝ።

ከካቡ ድንጋይ እያነሣሁ አየሁ፤ ባዶ ነው። ከአቶ ደምሴ ጋር እስከ አናቱ ወጣን። እዚያ፣ ከመጨረሻዎቹ ድንጋዮች አንዱ ሥር፣ አንዲት አገኘሁ። ሰውየው ጎንበስ ብለው አዩዋት።

«ይህ ሁሉ ልፋት ለዚች ነው?»

«ብርድ ፍለጋ ወደ ላይ የሸሸች ናት።»

«ታዲያ ውርጩ እዚህም ከለቀቀ ወዴት ትሄዳለች?» አሉና ቀና ብለው ሰማዩን አዩ።

ጠርሙሱን ሳልከፍት ድንጋዩን መለስሁባት። ስመለስ አውቶቡስ ላይ ኪሴ የቆየውን ቆሎ ቆረጠምሁ።

አዲስ አበባ

የትምህርት ክፍሉ አለቃዬ ዘገባዬን አንብበው «ውርጩ መሸሹን በምን አወቅህ?» አሉኝ። ከዚያ ገብስ የበለጠ ማስረጃ አልነበረም።

«ነዋሪዎቹ ነገሩኝ» አልሁ።

በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ሲያዩኝ እንዳላመኑኝ ገባኝ። ሰው የሚደብቀው ሁሉ ክፋት እንዳልሆነ ኩንዲ አስተምሮኛል። አሁን እኔም የምደብቀው ገብስ አለኝ።