የሦስት ሰው ጀልባ

ባለሱቁ ጓደኛዬ ጀልባ መግዛቱን የነገረኝ ሲያትል ውስጥ ሶዶ በሚባለው ሰፈር የምሠራበት መጋዘን በር ላይ ቆሞ ነው። ደውሎ ሊነግረኝ ሲችል ለእረፍት እስክወጣ ጠበቀኝና ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ቀለሟ የተላላጠ ነጭ ጀልባ በተጎታች ላይ ሆና ቤቱ ደጃፍ ቆማለች። ጎረቤቱ የነበሩ ሽማግሌ ፈረንጅ ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ሲሄዱ ሸጠውለት ነው።

"ሦስት ሰው በደንብ ትይዛለች" አለኝ።

አምስት ስድስት ሰው እንደምትይዝ ከፎቶው ያስታውቃል። ሦስት ያለው ለምን እንደሆነ ግን ገባኝ።

ሦስታችን የተዋወቅነው አላስካ፣ አንድ የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ነው። አሜሪካ በገባን ዓመት ሥራ ስናጣ የተቀጠርነው እዚያ ነበር። በቀን አሥራ ስድስት ሰዓት ቆመን ሳልመን የሚባለውን ዓሣ ስንቆርጥ እንውላለን፤ ማታ በአንድ ክፍል ተደራራቢ አልጋ ላይ እንወድቃለን። ወደ ሲያትል ስንመለስ ሬኒየር ቢች የሚባል ሰፈር አፓርትመንት ተከራይተን አራት ዓመት አብረን ኖርን። ኋላ አንዱ ዋይት ሴንተር ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ሌላው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሆነ። እኔ መጋዘን ገባሁ። ስናገባ አንዳችን ለሌላችን ሚዜ ሆነናል፤ ሹፌሩ የወንዱ ልጄ የክርስትና አባት ነው።

ከዚያ አገር ቤት ጦርነቱ ተነሳ። የሹፌሩ እናት ያሉበት ከተማ ስልኩም ባንኩም መንገዱም ተዘጋ። በዚያው ሰሞን ባለሱቁ ፌስቡክ ላይ ስለዚያ አካባቢ ሰዎች አንድ ነገር ጻፈ። እዚህ አልደግመውም። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ይጽፈው የነበረ ዓይነት ነገር ነው፤ ላይክ ካደረጉት መካከል በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ሰላም የምላቸው ሰዎች ነበሩበት። እኔ ላይክ አላደረግኩም። ይህን እንደ ትልቅ ነገር ይዤው ኖርኩ።

ስልኩ ሲከፈት ሹፌሩ እናቱ ከሞቱ ስምንት ወር እንዳለፋቸው ተረዳ። ለቅሶ ቤቱ ባለሱቁ አልሄደም። እኔ ሄድኩ፤ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጬ፣ እግዜር ያጽናህ ብዬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ባለሱቁ ጽሑፉን አጥፍቶታል፤ መቼ እንዳጠፋው አላውቅም። ሰውየው ይቅርታ ማለት አይችልበትም። ሚስቱን እንኳ ሲያስቀይም ምንም ሳይናገር መኪናዋን አጥቦ የሚጠብቃት ዓይነት ነው። ጀልባዋን የገዛት ለምን እንደሆነ የገባኝም ለዚህ ነው። ሹፌሩን እንዳናግርለት ሲለምነኝ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። ራሴን ከሁለቱም ጋር ንጹሕ የሆንኩ ሽማግሌ አድርጌ ነበር የማየው።

ሹፌሩ ቤት ስደውል ልጁ አነሳችና በእንግሊዝኛ አባቷ ተኝቷል አለችኝ። በማግስቱ ራሱ ደወለ። የጀልባዋን ነገር ነገርኩት።

"ያሰበው እሱ ነው ወይስ አንተ?"

"እሱ ነው።"

"ቀኑን ንገረኝ እንግዲህ" አለና ዘጋው።

ቀን ማግኘቱ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነብን። የሰኔ ጾም ተፈትቶ ፍልሰታ እስኪገባ ያሉን ጥቂት ሳምንታት ናቸው። የሹፌሩ እረፍት ማክሰኞና ረቡዕ ነው፤ ባለሱቁ የማጥመዱን ደንብ ሲያነብ ደግሞ በእነዚያ ሁለት ቀናት ሊያጠምደው ያሰበውን ክራብ፣ ሸርጣኑን፣ መያዝ አይፈቀድም። እሑድ ቅዳሴ አለ። በመጨረሻ ቅዳሜ ላይ ወደቅን፤ ሹፌሩም የሥራ እረፍት ፈቃድ ሞላ። ፈቃድ መሙላቱን ለባለሱቁ ስነግረው ከባንኮኒው ጀርባ ተቀመጠና "ለዚህ ብሎ?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። በዚያው ሳምንት ሦስት አዳዲስ ላይፍ ጃኬት ገዛ።

ከሥራ ስወጣ ሱቁ እየሄድኩ አብረን እናቅድ ነበር። ገመዱ፣ ከላይ የሚንሳፈፈው ቀይና ነጭ ኳስ፣ የክራቡ ስፋት መለኪያ፣ ወጥመዱ ውስጥ የሚታሰረው የዶሮ እግር፣ ሁሉም አንድ ጥግ ላይ ተከማችቷል። የሳልመኑ መንጠቆም ነበረ። ሳልመኑ ይገባኛል፤ የክራቡ ነገር ግን አልገባኝም። ሦስታችንም ክራብ አንበላም፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለው ነገር ከባሕር ቢወጣም አይበላም ተብለን ያደግን ነን። ታዲያ ምን ይሠራልናል ብዬ ጠየቅኩት።

"ወጥመዱ ከተጣለ በኋላ ሁለት ሰዓት ይጠበቃል" አለኝ፣ የገመዱን ጫፍ እየቋጠረ። "ውኃ ላይ ነን። ማን ተነስቶ ይሄዳል? ሶ፣ ያኔ የግዱን ያዳምጠኛል።"

"ምን ልትለው ነው?"

"እሱን ገና እያሰብኩ ነው።"

ቫይበር ላይ ለሦስታችን ግሩፕ ከፈትኩ። ባለሱቁ የአየሩን ሁኔታ፣ ውኃው የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት፣ የጀልባዋን ፎቶ ይልካል። ሹፌሩ አንድም ቃል አይጽፍም፤ አውራ ጣት ብቻ ይልካል። ባለሱቁ ያቺን አውራ ጣት እየከፈተ ያሳየኝ ነበር።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀልባ የሚወርድበት ቦታ ስንደርስ ሹፌሩ ቀድሞን መጥቷል። የሥራ ጃኬቱን ለብሶ፣ የምሳ ቦርሳውን ይዞ የድንጋዩ ግንብ ላይ ተቀምጧል። ፀጉሩ ባላየሁት ጊዜ ሸብቷል። ባለሱቁ ከመኪናው ወርዶ ፊቱ ቆመ።

"መጣህ" አለው።

"መጣሁ።"

ተጨባበጡ። ትከሻ አልተሳሳሙም፤ ባለሱቁ ግን እጁን ቶሎ አልለቀቀውም። ከኋላችን ጀልባ የሚያወርዱ ሰዎች ተራ ይጠብቁ ነበርና ባለሱቁ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተጎታቹን ወደ ውኃው ወደ ኋላ መንዳት ጀመረ። ልምድ ስለሌለው ይጠመምበታል፤ እንደገና ወደፊት፣ እንደገና ወደ ኋላ። እኔና ሹፌሩ ጎን ለጎን ቆመን እናያለን። ነገሩ የተሳካ መስሎኝ ነበር። ፈገግ ብዬ ወደሱ ዞርኩ።

እሱ ውኃውን እያየ ነበር። "አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለኝ። "ስልኩ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ፣ ያን ሁሉ ወር፣ ለምንድን ነው አንድ ቀን እንኳ ኮል ያላደረግክልኝ?"

ያልጠበቅኩት ጥያቄ ነው። ለባለሱቁ እንጂ ለእኔ የሚሆን ጥያቄ አለ ብዬ አስቤ አላውቅም። "ምን እንደምልህ አላውቅም ነበር" አልኩት።

"ምንም ማለት አያስፈልግህም ነበር። እናትህ እንዴት ናቸው ብትለኝ፣ አላውቅም እልህ ነበር። በቃ።" ድምፁን ከፍ አላደረገም። "የሱን አንብቤዋለሁ። አናደደኝ፤ ግን ምን እንደሚያስብ አወቅኩ። ያንተን ግን እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣኝ የማስበው እሱን አልነበረም።"

አፌን ከፍቼ የጀመርኩትን አላስታውስም። ጊዜው ከባድ ነበር፣ ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ ከነዚህ አንዱን ሳልል አልቀርም። እስክጨርስ በትህትና ጠበቀኝ። ከዚያ የምሳ ቦርሳውን ከግንቡ ላይ አነሳ።

"ስመጣ እችላለሁ ብዬ ነበር" አለ። "ከሱ ጋር እችል ነበር መሰለኝ። ከሁለታችሁ ጋር ግን ቀኑን ሙሉ ውኃ ላይ መዋል አልችልም። ደክሞኛል።"

ሄደ። ባለሱቁ ጀልባዋን ውኃ ላይ አሳርፎ፣ ጫማውና ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ሲወጣ፣ የሹፌሩ መኪና ከፓርኪንጉ እየወጣ ነበር። ገመዱን እንደያዘ ቆሞ አየው።

"ምን አለ?"

"አልችልም አለ" አልኩት።

ሌሎቹ ተራቸውን እየጠበቁ ስለነበር ሁለታችን በጀልባዋ ወጣን። መሐል ላይ ወጥመዱን ጣልን፤ የሳልመኑን መንጠቆም ከኋላ ለቀቅን። ሁለት ሰዓት ቁጭ አልን። የጭነት መርከቦች አለፉ። ባለሱቁ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ፤ "ያ የጻፍኩት ነገር ነው፤ አይወጣለትም" አለ። እኔ የመንጠቆውን ክር ሳብ አድርጌ አየሁ። ወጥመዱን ስንስብ ክራቦቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ሞልተውታል። ባለሱቁ መለኪያውን ከኪሱ ማውጣት ጀምሮ ተወው፤ ወጥመዱን ገልብጦ ሁሉንም መልሶ ውኃው ውስጥ ደፋቸው። ሳልመን አልያዝንም።

ከዚያ ወዲህ ሹፌሩ ጋ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ። ያነሳል። ደህና ነኝ፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ ልጄን ሳሙልኝ ይላል፤ የክርስትና ልጁን ማለቱ ነው። ከዚያ ሥራ ልገባ ነው ይላል። ይቅርታ ስለው ምንም አይደለም ብሎኛል። ምንም አይደለም ያለበት ድምፅ፣ አውቶቡስ ውስጥ እግሩን ለረገጠው ሰው የሚለው ዓይነት ነው።

ባለሱቁ ጀልባዋን ለመሸጥ ማስታወቂያ አውጥቷል። ባለፈው ሱቁ ስገባ ዕቃ እየደረደረ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ "ያን ቀን ስለ እኔ ምን ብሎህ ሄደ? ንገረኝ፤ ባውቀው ይሻለኛል" አለኝ። ሹፌሩ እሱን እንኳ ይችለው እንደነበር፣ ያልቻለው እኔን እንደሆነ ልነግረው እችል ነበር። ለዚያ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

"ምንም አላለኝም" አልኩት፤ ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ።