ሐዳሳ ግንድ የፈለጠችበት ክረምት

ሐዳሳ የግራ እጇን ሁለት ጣቶች ያጣችው በሐምሌ ነው፤ ሀደሮ አጠገብ ባለው ማሳዋ ላይ፣ ዝናብ እየወረደ። ባሏ በሕመም ሞቶ ሐዘኗን ሳትጨርስ ታናሽ ወንድሙ ጠና መጣና «መሬቱ የአባቴ ነው፣ ልቀቂ» አላት። አልለቅም አለችው። ገጀራውን ሲያነሳባት ፊቷን በእጇ ከለለች። ጣቶቿ እንሰቱ ሥር ወደቁ። ሁለተኛው ምት ትከሻዋን ሰነጠቀው። ከሦስተኛው ያዳናት ጭቃው ነው፤ ጠናን አንሸራቶ ጣለውና እሷ ደሟን እያዘራች ጎረቤት ግቢ ድረስ ሮጠች።

ችሎት ቀርባ ዓይኑን እያየች መሰከረችበት። እሱ ታሰረ፤ እሷ ግን እዚያ ቀዬ መኖር አቃታት። ሆሳዕና መጥታ ከአስካለች ሱቅ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየች፤ ገበያ ላይ ቆጮ እየቸረቸረች ትኖር ጀመር።

በበጋ ደህና ነበረች። ትስቃለች፣ ከገዢ ጋር ትከራከራለች፣ እሑድ ቸርች ከመዘምራኑ መካከል ትቆማለች። ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ገጀራው አጥንት ሲመታ ይሰማታል። በሩንም መስኮቱንም ዘግታ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ትተኛለች። አንድ ክረምት ብሶባት ጭንቅላቷን ከግድግዳ ጋር ስታጋጭ አስካለች ደረሰችባት። ግንባሯ ተተርትሮ ደሙ እስከ አገጯ ወርዶ ነበር።

አስካለች ባለሱቅ ናት፤ ወላጆቿ ከጉራጌ መጥተው ሆሳዕና የከተሙ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ልቧ ሩኅሩኅ፣ እጇ ግን ለስላሳ ያልሆነ ሴት። በማግስቱ ጠዋት በሩን በእርግጫ በረገደችው።

«ተነሺ!»

«ተዪኝ፣ እትዬ አስካለች።»

«አልተውሽም! እኔም ባሌ የሞተ ጊዜ እንዲህ ተኝቼ ነበር። አልጋ ሰው ይበላል፣ ልጄ።» ክንዷን ይዛ እየጎተተች ወደ ጓሮ አወጣቻት። እዚያ የባሕር ዛፍ ግንዶች ተከምረዋል። መጥረቢያውን አስጨበጠቻት። «ፍለጪልኝ።»

«በየትኛው ጣቴ?»

«በቀሩሽ።»

የመጀመሪያው ምት ስቶ ቅልጥሟን ሊቆርጣት ምንም አልቀረውም። ሁለተኛው ግንዱ ላይ ተሰካ። በሦስተኛው ላይ አንድ ነገር ከሆዷ ፈንቅሎ ወጣ። «ጠና!» ብላ ጮኸች፤ መታች። «ጠና!» አለች፤ ደግማ መታች። ፍልጡ በጓሮው ይበተን ጀመር። ሰው የሚታረድ የመሰላቸው ጎረቤቶች እየሮጡ መጡ። አስካለች በሩ ላይ ቆማ፣ «የሚገደለው ግንድ ነው! ወደየሥራችሁ!» ብላ መለሰቻቸው።

የዚያን ዕለት ሐዳሳ መዳፏ ቆስሎ፣ ላብና ዝናብ አበስብሷት፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ እህል አማራት።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ትፈልጣለች። ዝናቡ ጋብ ሲል አስካለች ሱቁን ለዘመድ ትታ ዳገቱን ይዛት ትወጣለች፤ ጭቃው ጫማቸውን እየነጠቃቸው። ፀሐይ ብቅ ካለች፣ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን፣ መስኮቱ ይከፈታል። ለብቻ መብላት ተከለከለ። ቆርቆሮው ሲጮኽ ደግሞ ሐዳሳ ከእሱ በላይ ጮኻ በከምባትኛ ትዘምራለች፤ ጉሮሮዋ እስኪሻክር። ሐዘኑ አልጠፋም። ግን አልጋው ላይ ብቻዋን አያገኛትም።

በነሐሴ አንድ ጠዋት ስትፈልጥ አንዲት ሴት ጓሮው መግቢያ ላይ ቆመች። አንድ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል፤ ከንፈሯ ተተርትሯል። ራሄል ነበረች፣ የጠና ሚስት፤ ችሎት ላይ «ባሌ አልነካትም» ብላ የማለችው።

«ተፈቶ መጣ» አለች ራሄል። «ትናንት በርጩማ ሰበረብኝ።»

«ታዲያ ለምን ወደ እኔ?»

«ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ከአንቺ ሌላ አላውቅም።»

ሐዳሳ ልታባርራት ፈለገች። ምላሷ ላይ የመጣውን ስድብ ሁሉ ሰደበቻት። ራሄል እየተሰደበች ዝናቡ ውስጥ ቆማ ቀረች። በመጨረሻ ሐዳሳ፣ «ግቢ፣ ትታመሚያለሽ» አለቻት።

ጠና ተከትሏት ኖሮ ከቀትር በፊት ደረሰ። ከባጃጅ ወርዶ የራሄልን ፀጉር ጨብጦ ጭቃው ላይ ጎተታት፤ ጎኗን በጫማው ረገጣት። ሐዳሳ መጥረቢያውን ይዛ ወጣች።

«ልቀቃት።»

ጠና ሳቀና ከወገቡ ቢላ መዘዘ። «የቀሩሽንም ልልቀምልሽ?»

ሲሰነዝር ጎኗን ጫረው። መጥረቢያውን ገልብጣ በደንደሱ ክንዱን መታችው፤ አጥንቱ ሲሰበር ራሄልም ሰማችው። ቢላው ወደቀ፣ እሱም በጉልበቱ ተንበረከከ። በእርግጫ ደረቱን ብላ ዘረረችው። ከዚያ ስለቱን ወደ ታች አዙራ ከራሷ በላይ አነሳችው።

አንገቱ ታያት። እውነቱን ለመናገር ልትገድለው ፈልጋለች፤ ይህንን ኋላ ለአስካለችም አልደበቀችም። ጠና ያልተሰበረ እጁን ፊቱ ላይ ጋርዶ፣ ልክ ያኔ እሷ እንዳደረገችው፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

መጥረቢያው ከጆሮው አጠገብ ጭቃው ውስጥ ሰጠመ።

አስካለች ባጃጅ ነጂዎችን ጠርታ ደረሰች። ሰዎቹ በቡጢ ሲቀባበሉት ሐዳሳ መሐል ገብታ «ይበቃዋል! ለፖሊስ ስጡት» ብላ ጮኸች። ሲወስዱት መጥረቢያውን ከጭቃው ነቅላ ግድግዳው ሥር አቆመችው። ራሄል የሐዳሳን የጎን ቁስል አጠበችላት።

ጠና እንደገና ተፈረደበት። በዚህኛው ችሎት ራሄል እውነቱን ተናገረች። ወደ ሀደሮ አልተመለሰችም፤ ከሐዳሳ ጋር ቆጮ ትሸጣለች፣ በአንድ ጃንጥላ ገበያ ይወርዳሉ፣ መንገድ ላይም ይነታረካሉ።

አንድ ጠዋት ራሄል ጭብጦ እየቆረሰች፣ «ያኔ በሐሰት የማልኩብሽን ይቅር ብለሽኛል?» አለቻት።

ሐዳሳ ትልቁን ቁራሽ ወደ ራሄል ገፋችላት።

«ገና ነኝ» አለች። «ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ።»